ፕላስቲክን በወርቅና በብር መለበጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆነን ትንንሽ መመርመሪያ ቺፖችን እንሠራለን። ቺፕ የምለው ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ከፍ ያለ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ ቀጫጭን የወርቅ ወይም የብር መስመሮች አሉት። አንድ ጠብታ ወተት ወይም ውሃ እናደርግበታለን። መስመሮቹ ጠብታው ውስጥ ስላለው ነገር በኤሌክትሪክ ይነግሩናል።

ስለዚህ ሥራ ከእነዋሪም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም ይጠይቁኛል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወርቁ ነው። መልሴ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ፕላስቲኩ ይመለሳል። ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም እሱ ነውና።

ለምን ፕላስቲክ? መስታወት አይሻልም ወይ?

ለመለበጥ ብቻ ከሆነ መስታወት ይሻላል። ሙቀት ይችላል። አሴቶን አይነካውም። ቅቡም በደንብ ይይዝለታል።

ነገር ግን መስታወት ይሰበራል፤ ለመቁረጥና ለመብሳትም ያስቸግራል። ስስ ፕላስቲክ በመቀስ ይቆረጣል። ርካሽ ነው። አንዴ ተጠቅመው ቢጥሉት አይቆጭም። ቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጣት ተወግቶ ደም የምትነካዋ ቀጭን ስትሪፕ ፕላስቲክ ናት። ላይዋ ላይ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ ጠብታው የሚገባበትና የሚወጣበት መስመር፣ አለ። አንዳንዷ ላይ በካርቦን ቀለም የታተመ ነው፤ አንዳንዷ ላይ ደግሞ የወርቅ ወይም የፓላዲየም ስስ ቅብ ነው።

የዚህ መነሻ ሌላንድ ክላርክ እና ቻምፕ ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት የኢንዛይም ኤሌክትሮድ ሐሳብ ነው። ሙሉውን ምርመራ አንዲት ቺፕ ላይ እናስፍረው የሚለውን ደግሞ አንድሪያስ ማንዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 አቀረቡት።

ወርቅ ስትሉ የእውነት ወርቅ? ማን ይችለዋል?

የእውነት ወርቅ ነው። ግን ስሌቱን አብረን እንሥራው።

የተለመደው ቅብ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70,000 ናኖሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ 700 የሚሆኑ ቅቦች ተደራርበው ነው አንድ ፀጉር የሚያህሉት። የወርቅ እፍጋት በኩብ ሳንቲሜትር 19.3 ግራም ነው። አንድ ካሬ ሳንቲሜትር ለመልበጥ የሚያስፈልገው ወርቅ 0.2 ሚሊግራም አይሞላም። አንድ ግራም ወርቅ ከ5,000 ካሬ ሳንቲሜትር በላይ ይሸፍናል ማለት ነው፤ ግማሽ ካሬ ሜትር።

ቅቡ የሚቀባው አየሩ በወጣለት (ቫክዩም በሆነ) ማሽን ውስጥ ነው። በተግባር ግን ብዙው ወርቅ ፕላስቲኩ ላይ አያርፍም፤ የማሽኑ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ቢሆንም ውዱ ነገር ወርቁ አይደለም። ውዱ ማሽኑ ነው።

ቅቡ ለምን ይላጣል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነውና።

ወርቅ ከኦክስጅን ጋር አይስማማም። አይዝግም፤ ለዚህም ነው የምንወደው። ግን ያው ጠባዩ እዚህ ይጎዳናል። እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ኦክስጅን ጨብጠው ይጣበቃሉ። ወርቅ ግን ዝም ብሎ ያርፋል እንጂ አይጨብጥም። በጣት ስታሹት ይነሳል።

የጭቃ ግድግዳ ሲሠራ ያየ ሰው መፍትሔው አይጠፋውም። መጀመሪያ ይመረጋል፣ ከዚያ ይለሰናል፣ ኖራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኛም ከወርቁ በፊት ከ5 እስከ 20 ናኖሜትር የሚሆን ክሮሚየም ወይም ቲታኒየም እናስገባለን። እነዚህ ኦክስጅንን አጥብቀው ይይዛሉ። ከላይ ደግሞ ወርቁን ይይዙታል። ቺፑ ኬሚካልን በኤሌክትሪክ የሚለካ ከሆነ እኔ ቲታኒየምን እመርጣለሁ፤ ክሮሚየም ወደ ወርቁ እየሰረገ ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለቱ ብረቶች ማሽኑ ሳይከፈት ተከታትለው መቀባት አለባቸው። ክሮሚየሙ ከተቀባ በኋላ አየር ከገባ ወዲያው በኦክሳይድ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወርቅ እንደገና የሚይዘው ያጣል። እኛን ያጋጠመን በትክክል ይህ ነበር። አንድ ላቦራቶሪ በውሰት ማሽን ሰጥቶን ክሮሚየሙ እንዳለቀ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ወርቁን ቀጠልንበት። ቺፖቹ ሲወጡ አንጸባረቁ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ስኮች ለጥፈን ስናነሳ ግን ወርቁ በሙሉ ከስኮቹ ጋር መጣ። ያን ቀን 12 ቺፕ ጣልን። ስለዚህ መብራት ከጠፋ አትቀጥሉ። ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። አክሪሊክ፣ ማለትም ማስታወቂያ ቤቶች የሚቆርጡት ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በአንድ ዲግሪ የሚለጠጠው ከወርቅ 5 እጥፍ ገደማ ነው። የደብረ ብርሃንን ጥቅምትና ኅዳር አስቡ። ሌሊት ውርጭ ነው፤ ቀን ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በ20 ዲግሪ ልዩነት 10 ሳንቲሜትር አክሪሊክ 140 ማይክሮሜትር ይረዝማል። ወርቁ ብቻውን ቢሆን የሚረዝመው 28 ማይክሮሜትር ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው መሀል ላይ ያለው ማጣበቂያ ብረት ነው። ቺፑን መስኮት ላይ አታስቀምጡት የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። እሱ የራሱ ጥያቄ አለው።

ፕላስቲኩን በምን ልጥረገው?

በአሴቶን አይሆንም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም ያው ነው። አክሪሊክን ያሟሟዋል፤ ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ሌላ ፕላስቲክ ያደበዝዘዋል፤ ይሰነጥቀዋልም።

አልኮልም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ ራሴ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ማስታወቂያ የሚሠራ ቤት ውስጥ በሌዘር ያስቆረጥኩትን አክሪሊክ አመጣሁና በአልኮል ወለወልኩት። አፍታም ሳይቆይ ጠርዙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ሌዘር ሲቆርጥ ጠርዙን ያቀልጠዋል። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። አልኮሉ ሲነካው ውጥረቱ በስንጥቅ ይወጣል። መፍትሔው ከመጥረግ በፊት አክሪሊኩን 80 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት አሙቆ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ አደርጋለሁ። በጣቴ በጓንት አሻለሁ። በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ መጨረሻም በባትሪ ውሃ አለቀልቃለሁ፤ የተጣራ ስለሆነ የጨው ነጠብጣብ አይተውም። የባትሪ አሲዱን እንዳታመጡ ግን ጠርሙሱን ሁለቴ እዩ።

በዳግም አረቄ ማጽዳት ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አካባቢያችን ያለውን ነገር መፈለጉን ወድጄዋለሁ። ግን አረቄ ውስጥ ከአልኮልና ከውሃ ሌላ ብዙ ነገር አለ። ሲተን ያን ትቶ ይሄዳል። ዓይን አያየውም፤ ቅቡ ግን ያውቀዋል።

አቧራን አትርሱ። በበጋ ሌሊት ብርድ ልብስ ስትገልጡ ፍንጣቂ ብልጭታ አይታችኋል? ፕላስቲክም መሸፈኛ ወረቀቱ ሲላጥ እንደዚያው በኤሌክትሪክ ይሞላል። የክፍሉን አቧራ ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል። ወረቀቱን የምትልጡት ሥራው ሊጀመር ሲል ብቻ ይሁን።

የትኛውን ፕላስቲክ ልያዝ?

አክሪሊክ 105 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ፖሊካርቦኔት እስከ 145 ይደርሳል። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት በ70 እና በ80 መካከል መለስለስ ይጀምራል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደህና የነበረ ቺፕ ሸዋ ሮቢት ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ሊጣመም ይችላል። ፖሊይሚድ የሚባለው ቢጫ ፕላስቲክ ሁሉንም ይችላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ለጀማሪ አክሪሊክ ወይም የትራንስፓረንሲ ወረቀት (ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ) ይበቃል።

ቲቸር፣ መስመሩ እንዴት ነው የሚወጣው?

ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው እህል ጆንያ ላይ ስም ሲጻፍ ያያችሁት ነው። ፊደሉ የተቀደደበት ቆርቆሮ ይቀመጣል፤ ከላይ ቀለም ይነፋል። እኛም ቀጭን ቆርቆሮ ወይም ስቲከር በመስመሩ ቅርጽ እንቆርጣለን። ፕላስቲኩ ላይ እናስቀምጣለን። ብረቱ ክፍት በሆነው ብቻ ይገባል። የማስታወቂያ ቤቶች ስቲከር የሚቆርጡበት ማሽን ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆን መስመር ያለ ችግር ያወጣል። ኬሚካል የለበትም፤ ፕላስቲኩን የሚጎዳ አሟሚ የለበትም። ለፕላስቲክ ከሁሉም ይህን አምናለሁ። ድክመቱ ስቲከሩ በደንብ ካልተጫነ ብረቱ ከሥሩ እየሾለከ ጠርዙን ማደብዘዙ ነው። የስቲከሩ ሙጫ ትርፍራፊም ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው መጀመሪያ ሁሉንም ለብጦ የማይፈለገውን ማንሳት ነው። ወርቅን የሚያነሳው አዮዲንና ፖታሲየም አዮዳይድ በውሃ የሟሙበት ፈሳሽ ነው። ስታርችን የምንፈትንበት ሉጎል ማለት ነው! ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ያ ቡናማ ፈሳሽ ስስ ወርቅ ይበላል። ፋርማሲ የሚሸጠውን የአዮዲን ቲንክቸር ግን አትጠቀሙ፤ አልኮል ስላለበት አክሪሊኩን ይሰነጥቀዋል።

ሦስተኛው በብርሃን የሚሠራው ነው። ብርሃን የሚሰማው ፈሳሽ ይቀባል፣ በንድፉ በኩል ብርሃን ይመታዋል፣ ይታጠባል። እስከ ጥቂት ማይክሮሜትር የቀጠነ መስመር የሚወጣው በዚህ ነው። ችግሩ መጨረሻ ላይ ፈሳሹን ለማንሳት መመሪያው አሴቶን ተጠቀሙ ማለቱ ነው። መመሪያው የተጻፈው ለመስታወትና ለሲሊከን ነው። አክሪሊክ ላይ እንዳለ ከተከተላችሁት ቺፑ ራሱ ይሟሟል።

የደብረ ብርሃን ፀሐይ ብርቱ ናት። ፕላስቲኩን ባሰጣው ቅቡ ይይዛል?

አይይዝም። የፕላስቲክን ገጽ ለውጦ ብረት እንዲቀበል የሚያደርገው የሞገድ ርዝመቱ 254 ናኖሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ጨረር ነው። እሱን የኦዞን ሽፋን እላይ ያስቀረዋል፤ ከፍታ ላይ ብንሆንም አይደርሰንም። የሚገኘው ከጀርም መግደያ አምፖል ነው፤ እሱም ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፤ ተሸፍኖ ነው የሚበራው።

ለሦስተኛው መንገድ ግን ፀሐይዋ ትሠራለች። ብርሃን የሚሰማው ፈሳሽ የሚፈልገው 365 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ቲሸርት የሚያትሙ ልጆች ስክሪናቸውን ፀሐይ ላይ ሲያወጡ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

የቫክዩም ማሽን የለንም። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ጠይቁ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያለው ላቦራቶሪ አብዛኛውን ጊዜ ናሙና የሚለብጥበት ትንሽ የወርቅ ማሽን አለው። ለቺፕ ይበቃል። ፕላስቲኩ እንዳይግል በአንዴ ሳይሆን እረፍት እየሰጣችሁ አስቀቡት።

ካልተገኘ በብር ጀምሩ። ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 የገለጸው የብር መስታወት ነው። ሲልቨር ናይትሬት ላይ አሞኒያ ይጨመራል፤ ከዚያ ግሉኮስ። ብሩ ከፈሳሹ ወጥቶ ገጹ ላይ ይቀመጣል። ፕላስቲክ ላይ እንዲይዝ ቀድሞ በቲን ክሎራይድ ፈሳሽ መነከርና መታጠብ አለበት። ስቲከሩን ቀድማችሁ ለጥፋችሁ መጨረሻ ላይ ብትልጡት መስመሩ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሂደቱ ይዘገያል። ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጡት። ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለኩ። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የምትፈትሹ ከሆነ እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 100 ላይ እንዳልሆነ አስቡ።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። የብሩና የአሞኒያው ፈሳሽ አይቀመጥም። ለነገ አይባልም። ሲቆይ የሚፈነዳ ጥቁር ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ሲደርቅ መነካት ብቻ ይበቃዋል። ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ በጥብጡ። እንዳለቀ ወዲያው በቀጭን አሲድ አበላሹትና በቆሻሻ ጠርሙስ ሰብስቡት። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ሲልቨር ናይትሬት እጅን ያጠቁራል፤ ዓይን ከገባ ግን ጉዳቱ የከፋ ነው። መምህር በሌለበት አትሞክሩት።

ብር ከወርቅ ያንሳል፤ በጊዜ ብዛት ይጠቁራል። አንድ ነገር ላይ ግን ይበልጠዋል። የብሩን መስመር በረኪና ብትቀቡት ገጹ ወደ ሲልቨር ክሎራይድ ይለወጣል። ኬሚካልን በኤሌክትሪክ ስንለካ ማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ሌላው መስመር የሚነጻጸርበት፣ ይሆናል ማለት ነው። ግራጫ ወይም ሐምራዊ መልክ ሲይዝ እጠቡት።

ሲዲ ላይ ያለውን ብንጠቀምስ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሉሲዮ አንግነስና ባልደረቦቹ ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚቀዳ ሲዲ የወርቅ ኤሌክትሮድ ሠርተዋል። ነገር ግን ብዙው ሲዲ ላይ ያለው ብር ወይም አሉሚኒየም ነው። ወርቃማ መልክ አለው ማለት ወርቅ ነው ማለት አይደለም። መከላከያ ሽፋኑን ለማንሳት የተጠቀሙት ናይትሪክ አሲድም ለተማሪ እጅ አይሆንም።

የቺፕስ ላስቲክ ውስጡ ያብለጨልጫል። እሱስ?

እሱ በቫክዩም የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የምናወራው ሥራ በፋብሪካ መጠን ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ክፍል ውስጥ ይዤ የምገባውም ለዚህ ነው። ኤሌክትሮድ ግን አይሆንም። አሉሚኒየም ወዲያው በማያስተላልፍ ኦክሳይድ ይሸፈናል። አሲድም ቤዝም ይበላዋል።

መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በስኮችና በቴስተር። ስኮቹን ለጥፋችሁ በፍጥነት አንሱ፤ ብረት ይዞ ከመጣ ቺፑ አልሆነም። ከዚያ የመስመሩን ሁለት ጫፍ በቴስተር ለኩ። 1 ሚሊሜትር ስፋት፣ 2 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 100 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የወርቅ መስመር 5 ኦም አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ማሳየት አለበት። መቶ ኦም ካሳየ ቅቡ ሳስቷል ወይም ተሰንጥቋል። ሹል የሆነውን የቴስተር ጫፍ አትጫኑት፤ ይቧጭረዋል።

ክዳኑን እንዴት ልግጠም?

በባለ ሁለት ፊት ስኮች። ጠብታው የሚገባበትን ቦይ ስኮቹ ላይ ቆርጣችሁ አውጡና ሌላ ፕላስቲክ ከላይ ክደኑበት። በሙቀት መግጠም ይቻላል፤ ግን ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ቅቡ ይሰነጠቃል።

በስተመጨረሻ ወተት ውስጥ ውሃ መጨመሩን ይለያል?

ወተት ሰብሳቢዎች ይህን ሳይጠይቁኝ አይሄዱም። እነሱ ላክቶሜትር (የወተትን እፍጋት የሚለካ መሣሪያ) እና የአልኮል ፈተና አላቸው፤ ቺፑ እነዚያን አይተካም።

ቺፑ የሚለካው ወተቱ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ጤነኛ የላም ወተት በ25 ዲግሪ ሙቀት በሳንቲሜትር ከ4 እስከ 5.5 ሚሊሲመንስ አካባቢ ነው። ውሃ ሲገባበት ይወርዳል። ግን ውሃ ላይ ጨው የጨመረ ሰው ቺፑን ያታልለዋል። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም።

እኔ ይበልጥ የምጓጓለት ሌላ ጥቅሙ ነው። የላም ጡት ሲታመም ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ወተቱ ይገባሉ፤ ማስተላለፉ ይጨምራል። ከአራቱ ጡቶች አንዱ ብቻ ከፍ ካለ ላሚቱን ሐኪም ማየት አለበት። እዚህ ላይ የሚነጻጸረው ላሚቱ ከራሷ ጋር ስለሆነ ቺፑ ይበልጥ ይታመናል። ለዚህ ደግሞ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት የወርቅ መስመሮች ይበቃሉ።

ሲለካ በቴስተር አይሆንም፤ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ ቁጥሩ ይንሸራተታል። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ 1 ኪሎኸርዝ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ሙቀቱንም ማስተካከል ግድ ነው። በአንድ ዲግሪ ልዩነት ቁጥሩ 2 በመቶ ገደማ ይለወጣል። አሁን የታለበ ወተት 35 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል። በብርድ ጠዋት በጣሳ መንገድ ላይ የቆየው 10 ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን እንዳሉ ብታነጻጽሩ ጤነኛዋን ላም ታማለች ትላላችሁ። እኛ ናሙናዎቹን በሙሉ ከቺፑ ጋር አንድ ሳፋ ውሃ ላይ እናስቀምጣለን። ቴርሞሜትሩ ሁሉም ጋ እኩል እስኪያሳይ ድረስ ማንም አይለካም።